ማደስ ሌላ፣ ማረም ሌላ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፤ ከደሴ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከወልድያም ይምጡ ከከሚሴ ጉዳያቸው ያው ነው። ልጅ ወይም እህት ባሕር ማዶ አለች፤ ፓስፖርቷ ሊያልቅ ነው ወይም ጠፍቷል፤ ቤተሰብ እዚህ እንቅልፍ አጥቷል። ለማያውቁኝ ልንገር፦ ጂዳ ሠርቼ የተመለስሁ፣ አሁን ደሴ ፒያሳ አጠገብ በፎቶ ኮፒና በማመልከቻ ጽሕፈት የምተዳደር ሴት ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ወረቀት ግን አውቃለሁ፤ ሰው በወረቀት ምክንያት ሲያለቅስም በየቀኑ አያለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ እትዬ? የምጽፍልዎ ከመርሳ ነው። ልጄ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ፓስፖርቷ ጥር ላይ ያልቃል፤ የያዘችባትም ማዳሟ ናት። ስትሄድ ገና ልጅ ስለነበረች ደላላው ዕድሜዋን 5 ዓመት ጨምሮ፣ ስሟንም ወደ ሙስሊም ስም ለውጦ ነው ያወጣላት። አሁን ልጄ «ሲታደስ በዚያው እውነተኛው ስሜና ዕድሜዬ ይግባልኝ፤ ከቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት አውጥተሽ ላኪልኝ» እያለች ትደውላለች። ላውጣላት ወይስ ምን ይሻላል?
የልጅ እናት፣ ከመርሳ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሩ። ለዚህ ጉዳይ ብለው ቀበሌ አይሂዱ። ልጅዎ ሁለት ነገር በአንድ ገመድ አስራለች። ማደስ ሌላ፣ ማረም ሌላ ነው። ማደሱ ሪያድ ያልቃል። ማረሙ ግን የአገር ቤት ሥራ ነው፤ እሷ ራሷ በእግሯ መጥታ የምትጨርሰው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት። ለሳዑዲ መንግሥት ልጅዎ ማለት ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈችው ሴት ናት። ቪዛው የተመታው በዚያ ስም ነው። ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የወጣው በዚያ ስምና በዚያ የልደት ቀን ነው። አየር ማረፊያ ስትደርስ የሰጠችው አሻራም ከዚያው ስም ጋር ተመዝግቧል። ፓስፖርት ከታደሰ በኋላ ደግሞ ልጆቻችን «ነቅል መዕሉማት» የሚሉት ነገር አለ፤ አዲሱ የፓስፖርት ቁጥር ከኢቃማው ጋር እንዲያያዝ አሠሪው አብሸር በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት በኩል ወደ ጀዋዛት፣ ወደ ፓስፖርት መሥሪያ ቤታቸው፣ የሚያስገባው ማለት ነው። ቁጥሩ ቢለወጥ ማንም አይገረምም፤ የታደሰ ፓስፖርት ሁሉ አዲስ ቁጥር አለው። ስሙና የልደት ቀኑ ከተለወጠ ግን በዚያ መስኮት ፊት የቆመችው ሌላ ሴት ናት። ኢቃማው በአሮጌዋ ስም ይቀራል፣ ፓስፖርቱ በአዲሷ ስም ይሆናል፣ ልጅዎ ከሁለቱ መካከል ትወድቃለች። ደላላው ያን ጊዜ ስልኩን አያነሣም።

በእኛም በኩል ቢሆን የልደት ወረቀት ስለላኩ ብቻ አይለወጥላትም። የመጀመሪያውን ፓስፖርት ስትወስድ አሻራዋን ሰጥታለች። ስምና የትውልድ ዘመን ለማስተካከል የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠየቃል። አንዳንዶች ለእረፍት ሲመጡ «የድሮውን ልጣለውና በእውነተኛው ስሜ እንደ አዲስ ላውጣ» ይላሉ። ይህን የሚመክር ሰው ካለ ከደጅዎ ያባሩልኝ። አንድ አሻራ ለሁለት ስም አይሆንም፤ መዝገቡ ያወጣዋል፣ ነገሩም ከእርማት አልፎ የወንጀል ጥያቄ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ማደሱ። መጀመሪያ ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ጥር ያለችው የእኛን ጥር ነው ወይስ የፈረንጆቹን ጃንዋሪ? ፓስፖርት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ጃንዋሪ ደግሞ የሚገባው በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው። ኢቃማው ላይ በሒጅራ ተጽፎ ሲያገኙት ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨመራል። በዚህ መደናገር ብቻ ቀን ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። ፓስፖርቱ ታትሞ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ ዛሬ አመልክቶ ነገ መቀበል የለም። በዚያ ላይ ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር ያልቀረውን ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ አያስገቡም። ስለዚህ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ 6 ወር ሲቀር እንዳለቀ ቁጠሩት።

አሁን የማዳሟ ነገር። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ይዞ እንዲያስቀምጥ የሳዑዲ ሕግ አይፈቅድም። ይህን ልጅዎ ትወቀው። ነገር ግን በር ዘግታ ከምትኖር ማዳም ጋር ሕግ እየጠቀሱ መከራከር ለአንዲት ብቸኛ ልጅ አይመከርም። «ፓስፖርቴን ስጪኝ» ስትባል ማዳም የምትሰማው «ልጠፋ ነው» የሚል ነው። ይልቅስ እንዲህ ትበላት፦ «ፓስፖርቴ ሊያልቅ ነው፤ ካለቀ ኢቃማዬን ማሳደስ ያስቸግርሻል።» የቤት ሠራተኛን የኢቃማ ክፍያ የሚከፍለው አሠሪው ነውና ጉዳዩ የማዳሟም ጉዳይ ይሆናል። ጂዳ ሳለሁ ስንት ማዳም በዚህ አነጋገር ራሷ ሾፌር አዝዛ ሠራተኛዋን ቆንስላ ስትልክ አይቻለሁ። የሚሻለውም ይኸው ነው፤ በማዳም መኪና ሄዶ በማዳም መኪና መመለስ።

ሪያድ ያለው ኤምባሲያችን ነው፤ ጂዳ ያለው ቆንስላ ጄኔራል ነው። መካ፣ መዲናና ጣኢፍ ያሉት ወደ ጂዳ ይሄዳሉ፤ የእርስዎ ልጅ ወደ ኤምባሲው። የምትይዘው ዋናውን አሮጌ ፓስፖርትና ቅጂውን፣ የኢቃማውን ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ራሷም መቅረብ አለባት፤ አሻራ በሰው አይላክም። ክፍያውን በደረሰኝ ትክፈል፤ ደረሰኟን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለእርስዎ ትላክ። ፓስፖርቱን ከማዳሟ በተቀበለችበት ሰዓት ደግሞ፣ ከሁሉ አስቀድማ፣ ፎቶዋ ያለበትን ገጽና ቪዛውን ፎቶ አንሥታ ትላክልዎ። እርስዎ እኔ ዘንድ ወይም መርሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው ከመሬት ደብተርዎ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ያኑሩት። በ2014 ዓ.ም ጦርነት የቀበሌ መዝገብ የጠፋበት፣ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ሰነድ ማሰባሰብ ካማረዎት እውነተኛውን ስሟንና ዕድሜዋን የሚያሳየውን ያሰባስቡ፦ የክርስትና ወረቀቷን፣ የክትባት ካርዷን፣ የትምህርት ቤት ካርዷን። ስትመጣ ፍርድ ቤት የሚያስረዱላት እነዚህ ናቸው። ደሴም የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት ላይኖርባት ይችላል።

ስለ ደላላው አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ያዝዛል። ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ደግሞ ቁጥሩ 1178/2012 ነው። ያን የጨመረውን 5 ዓመት ደላላው ከራሱ ዕድሜ አልቀነሰውም፤ የልጅዎን ልጅነት ነው የወሰደው። ከእሱ ጋር ማን እንደተዋዋለ አልጠይቅዎትም፤ በመርሳና በውርጌሳ በኩል ማን ቤት እንዳልገባ ንገሩኝና እሱን እጠይቃለሁ። ታናሽ እህት ካላት ግን ያ ሰው ደግሞ እንዳይመጣ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኩዌት ነው፤ ፓስፖርቱ ጠፋበት። አዲስ ለማውጣት ፎርሙን እኔ ሐይቅ ሆኜ እየሞላሁለት ነው፤ እሱ ጊዜ የለውም። የልደት ወረቀቱ ላይ 12/02/90 ይላል። ፎርሙ የሚጠይቀው በፈረንጅ ነው። ዝም ብዬ 12 ፌብሩዋሪ 1990 ብዬ ልሙላ?
መምህር፣ ከሐይቅ

መልስ፦ መምህር፣ እጅዎን ከፎርሙ ላይ ያንሡ! በእኛ አጻጻፍ ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው። ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም ማለት በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 1997 ነው። እርስዎ እንዳሰቡት ቢሞሉት ወንድምዎ ባንድ ብዕር 7 ዓመት ከ8 ወር ያረጃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መዋሏ ቀርቶ 12 ላይ ትውላለች፤ ቀኑም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ይገፋል። ይህን ለመምህር መንገሬ ይቅር ይበሉኝ።

ነገር ግን ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ወዲያው አይጻፉት። ጥያቄው የጠፋው ፓስፖርት ላይ ምን ተጽፎ ነበር የሚለው ነው። ኩዌት ለሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም፤ በጣቃ የሚሉት የሲቪል መታወቂያ አለው፤ ስሙና የልደት ቀኑ ከፓስፖርቱ ተገልብጦ እዚያ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ወሎ ውስጥ ሰኢድ የሚባል ሰው ሁሉ ይህ ችግር አለበት፤ አንዱ ጸሐፊ በ«ኤስ» ጀምሮ «ኢ» ያስከትላል፣ ሌላው በ«ኢ» ፈንታ «ኤ» ያስገባል። መሐመድን አንዱ በአንድ «ኤም» ሌላው መካከሉ ላይ በሁለት «ኤም» ይጽፈዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። የትኛው አጻጻፍ ያምራል ብለው አይመራመሩ፤ በፊት የነበረው ነው የሚያምረው።

ወንድምዎ የፖሊስ ማስረጃም ያስፈልገዋል፤ ፓስፖርት መጥፋቱን ለአገሩ ፖሊስ ሳያስመዘግቡ ኤምባሲ መሄድ ተመልሶ መምጣት ነው። የጠፋው ፓስፖርት ቅጂ ደግሞ ይፈልጉ፦ የላከው ኤጀንሲ ዘንድ፣ ቲኬት የቆረጠበት ቢሮ፣ የድሮ ስልኩ ውስጥ። «ጊዜ የለውም» ያሉኝን ግን አልቀበልም። ለአሻራ ጊዜ ማግኘት አለበት።

ጥያቄ፦ እህቴ ቤይሩት ናት። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የልጁ አባት ግን የለም፣ አገሩም ሌላ ነው። ሰዎች «አባቱ ኢትዮጵያዊ ካልሆነ ልጁ ፓስፖርት አያገኝም» አሏት። እውነት ነው? እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ልረዳት እፈልጋለሁ።
አጎት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ልጁንም ያሳድግልን። ሰዎቹ ያሏት ሐሰት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ በአንቀጽ 3፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ። እናቱ በቂ ናት። ይህን የሚክድ ሰው ካጋጠማት የአንቀጹን ቁጥር ትንገረው።

ችግሩ ያለው በሊባኖስ በኩል ነው፤ እዚያ ላይ ጊዜ አትስጡ። ያዋለዳት ሆስፒታል ወይም አዋላጅ የፈረመችው የልደት ወረቀት ይኑራት። ያን ይዛ ሙኽታር ወደሚሉት የሰፈር ሹም፣ ከዚያም ወደ መዝገብ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ልጁ 1 ዓመት ሳይሞላው ይለቅ፤ ካለፈ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ገንዘብና ጠበቃ ነው። የተመዘገበው ወረቀት በዚያ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ቤይሩት ላለው ቆንስላችን ይቀርባል። መኖሪያ ፈቃዷ አልፎበት ከሆነ ብቻዋን ከመውጣቷ በፊት ለቆንስላው ስልክ ደውላ ትማከር። ሆስፒታል ሂሳብ አልከፈለችም ብሎ ወረቀቱን ይዞባት ከሆነ፣ ወንድሜ፣ አንተ የምትረዳት እዚያ ላይ ነው። ልብስ ከመላክህ በፊት ያን ሂሳብ ክፈል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ ነው፤ አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ዜግነትም ወስጃለሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ግን ገና አላለቀም። ለጥምቀት ስመጣ በእሱ ብገባ ምን አለበት? ሲያልቅስ እዚህ ባሳድሰው?
ናፋቂ

መልስ፦ ጋሼ፣ አለበት እንጂ! አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥራል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን አላለፈም፤ የእርስዎ ዜግነት ግን አልፏል። እንዲያውም መመለስ ይገባዎታል። ለእርስዎ የተሠራው ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። በእሱ ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ፤ መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት መቀጠር ግን አይፈቀድልዎም። የድሮ ፓስፖርትዎን የትውልድ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታልና አይጣሉት። ለጥምቀት ወደ ላሊበላ የሚዘልቁ ከሆነ ለዘመድ ከመደወልዎ በፊት ማረፊያ ይያዙ፤ በዚያ ሰሞን አልጋ በቀላሉ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ላለው ወንድሜ አንድ ሰው «ቆንስላ ሳትሄድ፣ አሻራ ሳትሰጥ አሳድስልሃለሁ» ብሎ ግማሹን ብር እዚህ ሸርፍ ተራ እንድከፍል ነገረኝ። ልክፈል?
ከደሴ

መልስ፦ አትክፈል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እህታችን ጂዳ ናት። ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ ሌላ ቦታ ስትሠራ ቆየች፤ ፓስፖርቷ እዚያው ቀረ። አሁን ታማለች፤ ወደ አገሬ መልሱኝ ትላለች። «ሊሴ ፓሴ አውጪና ነገውኑ ነይ» ብለናታል። ትክክል ነን?
እህትማማቾች፣ ከከሚሴ

መልስ፦ እህቶቼ፣ አላህ ያሽራት። ግማሹን ልክ ናችሁ። ሊሴ ፓሴ ፓስፖርት ለሌለው ዜጋ ቆንስላ የሚሰጠው የአንድ ጉዞ ወረቀት ነው፤ ወደ አገር ቤት ያስገባል፣ እዚህ ሲደርስ ሥራው ያበቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው ይላልና ኢትዮጵያዊነቷ እስከታወቀ ድረስ ይህን ወረቀት መጠየቅ መብቷ ነው፤ ልመና አይደለም። ለዚህም እናንተ ከዚህ ትረዷታላችሁ፦ የድሮ ፓስፖርቷ ቅጂ ካለ እሱን፣ ከሌለ የቀበሌ መታወቂያዋን ወይም የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት። የአባቷን፣ የአያቷን፣ የወረዳዋንና የቀበሌዋን ስም አስተካክላ እንድትናገር ንገሯት፤ ይጠይቋታል።

ያልነገራችኋት ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ሊሴ ፓሴ የኢትዮጵያ ወረቀት ስለሆነ ከሳዑዲ አያስወጣትም። ከዚያ ለመውጣት የሳዑዲ መውጫ ቪዛ ያስፈልጋታል። አሠሪዋ ጠፍታለች ብሎ አስመዝግቦባት ከሆነ፣ ልጆቹ «ሁሩብ» የሚሉት ማለት ነው፣ አየር ማረፊያው ላይ በቀጥታ አትሻገርም። ስለዚህ መጀመሪያ በስሟ ላይ ሁሩብ መኖር አለመኖሩን ታጣራ፤ የኢቃማ ቁጥሯን ካወቀች ይህ ይታወቃል። ካለባት የሚቀራት መንገድ በቆንስላው በኩል ከተመላሾች ጋር ተመዝግቦ፣ በሳዑዲ የተመላሽ አሠራር መውጣት ነው። አንዳንዴ ጂዳ አቅራቢያ ባለው በሹመይሲ ማቆያ በኩል ማለፍ ይኖራል፤ ማቆያው ምቹ ቦታ ነው ብዬ አላታልላችሁም። መታመሟን ቆንስላው አስቀድሞ እንዲያውቅ አድርጉ፤ የሐኪም ወረቀት ካላት ቅጂውን ታስይዝ። በዚህ መንገድ የወጣ ሰው አሻራ ስለሚሰጥ ቶሎ ተመልሶ ሳዑዲ መግባት እንደማይሆንለትም ትወቅ፤ ኋላ «ማን ነገረኝ» እንዳትላችሁ።

ቲኬት ቀድማችሁ አትቁረጡ። መውጫው ሳይያዝ የተቆረጠ ቲኬት ይቃጠላል፤ እናንተም ለሁለተኛው ላም ትሸጣላችሁ።

ለሚቀጥለው እትም የምትጽፉልኝ ሰዎች የፓስፖርት ቁጥር፣ የልጅ ፎቶግራፍና የስልክ ቁጥር አትላኩልኝ፤ ፖስታው ስንት እጅ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። አገሩን፣ ከተማውን፣ ፓስፖርቱ የሚያልቅበትን ቀን ጻፉልኝ። ቀኑ በፈረንጅ ይሁን በእኛ ጨምሩበት።